ነጥቦቹ ገጥመው ሞተሩ ገመድ የሚመታው ለምንድን ነው?

ወንድሜ፣ የውሃ ፓምፕህን ሞተር ፈትተህ ፋሻና ጓርኒሲዮን (የፒስተን ቀለበትና ማሸጊያ) ከቀየርክ በኋላ የማስነሻ ገመዱ እጅህን እየመታ፣ በካርቡሬተር በኩልም እየተኮሰ እንደሆነ ጽፈሃል። የኮሎው (ፒስተኑ የሚያዞረው ዘንግ) እና የካሙ (ቫልቮቹን የሚከፍተው ዘንግ) ጊር ላይ ያለው ነጥብ ገጥሞ እንደነበር፣ አንድ ዙር ስታዞረው ግን እንደተለያየ፣ ፒስተኑም በኮምፕሬሽን (በሚያምቅበት) ይሁን በጭስ (በሚያስወጣበት) ምት ላይ ግራ እንደገባህ ጠይቀሃል።

መለያየታቸው ትክክል ነው። የካሙ ጊር ጥርስ የኮሎው እጥፍ ነው። ኮሎው ሁለቴ ሲዞር ካሙ አንዴ ስለሚዞር ነጥቦቹ የሚገናኙት በሁለት ዙር አንዴ ብቻ ነው። እኔም ጀማሪ ሳለሁ በዚሁ ደንግጬ ምንም ያልነበረበትን ሞተር ፈትቻለሁ። የምቱ ነገርም አያስጨንቅህ። ነጥብ ለነጥብ ካስገባኸው ምቱን ካሙ ራሱ ይለየዋል። ቮላኖው (ኮሎው ጫፍ ላይ የሚታሰረው ከባድ ጎማ) ላይ ባለ ማግኔት የሚሠራ ኮይል በየዙሩ ስለሚያቀጣጥል አንዱ እሳት በጭስ ምት መጨረሻ በከንቱ ያልቃል፤ ጉዳት የለውም።

የሚጎዳው አንድ ጥርስ መሳት ነው። የኮሎው ጊር 24 ጥርስ ካለው አንዷ ጥርስ 15 ዲግሪ ነች። ሞተሩ ሊነሳም ይችላል፣ ግን ጉልበት የለውም። የሚሳተው ደግሞ ብዙውን ጊዜ ነጥቡን ስታይ ሳይሆን ጊሮቹን የሚሸፍነውን የጎን ክዳን ስትገጥም ነው። አንዴ ነጥቦቹን በነጭ ቀለም ምልክት አድርጌ፣ ልክ መሆናቸውን አይቼ፣ ክዳኑ እምቢ ሲለኝ ወዘወዝኩት። ካሙ ትንሽ ወጣ ብሎ ተመለሰ፤ ጥርስ መዝለሉን ያወቅሁት ሁሉን ካሰርኩ በኋላ ነው። ክዳን እምቢ ካለ በቡሎን አትጎትተው፤ ብዙ ጊዜ የገቨርነሩ (የፍጥነት መቆጣጠሪያው) ጊር አልገባም ማለት ነው፣ ጥርሱን ትሰብረዋለህ። የጊሮቹ ጥርስ ሰያፍ ከሆነ ካሙ ሲገባ እየዞረ ስለሚገባ፣ ነጥቡን ማየት ያለብህ እስከ መጨረሻው ከተቀመጠ በኋላ ነው። ፑንቴሪያዎቹ (በካሙና በቫልቮቹ መካከል ያሉት መግፊያዎች) እንዳይወድቁብህ ሞተሩን ገልብጠህ ሥራ፤ እያንዳንዱም ወደ ነበረበት ቀዳዳ ይመለስ።

አሁን የአንተ ስለተዘጋ ሳትፈታው መመርመር ትችላለህ። የቫልቭ ክፍተቱን አስተካክል፣ ካንዴላውን አውጣ፣ ቮላኖውን በሚሠራበት አቅጣጫ በእጅህ ቀስ ብለህ አዙር። የጭስ ቫልቩ ሊዘጋ ሲል የማስገቢያው መከፈት ይጀምራል። ሁለቱም ትንሽ ትንሽ ክፍት በሆኑባት ቅጽበት ፒስተኑ ጫፍ ላይ ወይም እዚያው አጠገብ መሆን አለበት። በካንዴላው ቀዳዳ ቀጭን እንጨት አስገብተህ ታውቀዋለህ፤ ቀዳዳው ፒስተኑን የማያሳይ ከሆነ ቴስታታውን (የሲሊንደሩን መክደኛ) አንሳ። ፒስተኑ ገና ብዙ የሚወጣው ከቀረው ካሙ ቀድሟል፤ አልፎ ብዙ ከወረደ ዘግይቷል። በኮምፕሬሽን ምት ላይ አንዱ ቫልቭ ብቻውን በጥቂቱ ብድግ ብሎ ከተመለሰ አትደንግጥ፣ ገመዱ እንዲቀልልህ ካሙ ላይ የተሠራ ማስተንፈሻ ነው። በዚሁ ምክንያት የኮምፕሬሽን መለኪያ እንዲህ ያለ ሞተር ላይ ዝቅ ብሎ ያሳያል።

በጽሑፍህ ግን ከካሙ በፊት የምጠረጥረው ቮላኖውን ነው። ገመድ መምታት የእሳት መቅደም ምልክት ነው፤ እሳቱን የሚወስነው ደግሞ ካሙ ሳይሆን ቮላኖውን ከኮሎው ጋር የምታቆራኘው ትንሿ ብረት ነች። ብዙ ጊዜ ለስላሳ ስለሆነች ዳዶው ሳይጠብቅ ከቀረ ትቆረጣለች፣ ቮላኖውን ስትመልስም ከቦታዋ ትንሸራተታለች። ለማየት ዳዶውን ፈትተህ ቮላኖውን መንቀል ብቻ ነው የሚያስፈልግህ። ጎንዋ ትንሽም ቢሆን ከተቆረጠ ወይም ከተጨፈለቀ ቀይራት፣ ቮላኖው የሚቀመጥበትን የኮሎውን ሾጣጣ ጫፍ ዘይት እስከማይቀርበት ጥረግ፣ ዳዶውን በቶርክ ቁልፍ እሰር። ይህን ሳታይ ክዳኑን እንደገና እንዳትፈታው።