ትውስታን ለማጥናት ለምታስቡ ልጆቼ

ልጆቼ፣ ሳይኮሎጂ ተምራችሁ የሰውን ትውስታ ከባህሉ ጋር አያይዛችሁ ለማጥናት የምታስቡ ካላችሁ፣ ይህን የምጽፈው ለእናንተ ነው። ዕድሜዬን በዚሁ ሙያ ድሬዳዋ አሳልፌያለሁ። መንገዱ ረጅም ነው፤ ደመወዙም ቶሎ አያጠግብም። ይህን አውቃችሁ ግቡበት።

ንባባችሁን ከሁለት ሰዎች ጀምሩ። ጀርመናዊው ኤቢንግሃውስ ትርጉም የሌላቸውን ክፍለ ቃላት በቃሉ እያጠና መርሳትን በራሱ ላይ ለካ፤ ሥራውን ያሳተመው እ.ኤ.አ. በ1885 ነው። እንግሊዛዊው ባርትሌት ደግሞ በ1932 ባሳተመው መጽሐፍ፣ ለአገሩ ሰዎች የሰሜን አሜሪካ ነባር ሕዝቦችን ተረት ሰጥቶ መልሰው ሲጽፉት ምን እንደሚሆን አሳየ። እንግዳ የሆነባቸውን ጣሉ፤ የቀረውን ወደሚያውቁት ኑሮ አመጡት። የባሕር እንስሳ አደኑ ዓሣ ማጥመድ ሆኖ ተገኘ። ባርትሌትን ስትወዱ ኤቢንግሃውስን አትናቁ፤ ስሌት የማይችል የባህል ተመራማሪ በቀላሉ ይሳሳታል።

እኔን ይበልጥ የሚማርከኝ ግን የስክሪብነርና የኮል ሥራ ነው። በላይቤሪያ የቫይ ሕዝብ የራሱ ፊደል አለው፤ ከሕዝቡም በእንግሊዝኛ፣ በቫይ ፊደልና በቁርአን ትምህርት ያለፉ ሰዎች አሉ። ሁለቱ ተመራማሪዎች በ1981 እንዳሳተሙት፣ ቁርአን የተማሩት ሰዎች በሁሉም የማስታወስ ፈተና አልበለጡም። ቃላት አንድ በአንድ እየተጨመሩ በቅደም ተከተል እንዲደግሙ ሲጠየቁ ግን ብልጫ አሳዩ። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ቁርአንም በቃል የሚያዘው እንደዚያው እየተጨመረ ነው። ሐረር ጀጎል ውስጥ የልጆች ቅርአት፣ ማለትም የቁርአን ንባብ የሰማ፣ ወይም በቄስ ትምህርት ቤት ዳዊት የደገመ ይህ ወዲያው ይገባዋል። ስለዚህ አንድን ሰው «ማስታወሱ ደካማ ነው» ከማለታችሁ በፊት ምን ማስታወስ እንደለመደ ጠይቁ። ከውጭ የመጣን መጠይቅ ተርጉሞ መበተን ጥናት አይደለም።

እዚህ ድሬዳዋ የደረሰውን የደቻቱ ወንዝ ጎርፍ አስቡ። በ1998 ዓ.ም. ክረምት በሌሊት መጥቶ ብዙ ሰው ወሰደ። ዛሬ ከአንድ ቤት ሁለት ወንድማማቾች ስለዚያ ሌሊት ቢጠየቁ ሰዓቱ ላይ እንኳ ላይስማሙ ይችላሉ። እናንተ መርማሪ ፖሊስ አይደላችሁም፤ ማን ትክክል ነው ብላችሁ አትፍረዱ። እናት ስትጀምር ጎረቤት ይጨርሳል፣ ልጅ ያርማል፤ ትውስታው የሚሠራው እዚያ ጨዋታ ውስጥ ነው። አንዱን ብቻውን አስቀምጣችሁ ብቻ ከጠየቃችሁ ይህ ያመልጣችኋል። ያዘነ ሰው ሲያለቅስ ደግሞ እስክሪብቶውን አስቀምጡ። መረጃ ቢጎድል ይጉደል! በሌላ ቀንም ለሰላምታ ብቻ ተመለሱ።

ኦሮምኛ፣ ሶማሊኛ፣ ሐረሪ፣ ቢያንስ አንዱን ጨምሩ። ማሪያንና ናይሰር እ.ኤ.አ. በ2000 ባሳተሙት ጥናት፣ ከሩሲያ አሜሪካ የሄዱ ሰዎች በሩሲያኛ ሲጠየቁ በሩሲያኛ ያሳለፉትን ኑሮ ይበልጥ አስታወሱ። ድሬ ላይ ሰው በአንድ በርጫ ሦስት ቋንቋ ይናገራል። ታሪኩ በየትኛው ቋንቋ እንደተነገረ፣ የትኛው ቦታ ላይ ቋንቋው እንደተቀየረ ጻፉ፤ ቀድታችሁ ወደ አማርኛ ብቻ አትገልብጡት።

የመመረቂያ ርዕስ ለቸገራችሁ ደግሞ የቀድሞ የምድር ባቡር ሠራተኞች አሉላችሁ። ሐዲዱ እ.ኤ.አ. በ1902 እዚህ ደርሶ ከተማዋን የመሠረተ ነው፤ ሥራውን የሚያውቁት ሰዎች ግን እያረጁ ነው። ፈቃድ አውጡና መቅረጫውን ይዛችሁ ወደ ቤታቸው ከመሄዳችሁ በፊት ወርክሾፑን አብራችኋቸው ዙሩ። ማሽኑ አጠገብ ቆመው የሚነግሯችሁን ሳሎን ከተነገራችሁ ጋር አነጻጽሩ፤ ሁለቱንም አስቀምጡ።