የጅሩ ዋልካ፦ ጠይቁኝ፣ ግን ወረዳችሁን ጻፉ

የዛሬው ርዕሳችን በሰሜን ሸዋ የሞረትና ጅሩ ወረዳ ጥቁር አፈር፣ ዋልካ ነው፤ ከእነዋሪ እስከ ጅሁር ያለው ሜዳ። የቻልኩትን እመልሳለሁ። «መሬቴ እንዴት ነው?» ብቻ ብሎ ለሚጽፍ ግን መልስ የለኝም።

ጥያቄ (ከእነዋሪ)፦ ጋሼ፣ ስንዴዬ ሐምሌ ላይ ቢጫ ሆነብኝ። ዩሪያ ብጨምርም ለውጥ የለም። ዘሩ ይሆን?

መልስ፦ ዘሩን ተወው። አንድ ቡቃያ ንቀልና ሥሩን እይ። ጠቁሮና አጥሮ ካገኘኸው ታፍኗል። ዋልካ አብዛኛውን ጊዜ ከግማሽ በላዩ ሸክላ ነው። በበጋ ይሰነጠቃል፤ ግንቦት ላይ እጅህን ብትከት እስከ ክርንህ ይገባል። ክረምቱ ሲገባ ያብጥና ስንጥቁ ይዘጋል። ከዚያ ውሃው መውረጃ ስለሌለው ላይ ይተኛል። እዚያ ላይ የበተንከው ዩሪያ ከፊሉ ጎርፍ ይወስደዋል፣ ከፊሉ ጋዝ ሆኖ ይተናል። መጀመሪያ ውሃውን አስወጣ፣ ማዳበሪያው ከዚያ በኋላ።

ጥያቄ (ከጅሁር)፦ እንዴት ነው የሚወጣው?

መልስ፦ ይህን ጥያቄ እወደዋለሁ። የጅሩ ገበሬ ተመራማሪ ሳይመጣ በፊት ያውቀው ነበር። ዘሩ ከተበተነ በኋላ ሴቱም ልጁም ማሳ ይገባና ከቦዩ ጭቃ በእጁ እየዛቀ መደቡ ላይ፣ ማለትም ከፍ ብሎ ሰብሉ በሚቆምበት አፈር ላይ፣ ያወጣል። ወገብ የሚቆርጥ ሥራ ነው። እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1980ዎቹ፣ ያኔ ኢልካ ይባል የነበረው የእንስሳት ምርምር ማዕከል ከሌሎች ጋር ሆኖ ሁለት ማረሻ አጣመረና በጥንድ በሬ የሚጎተት መሣሪያ ሠራ። ቢቢኤም የምንለው እሱ ነው። መደቡ 80 ሳንቲ ሜትር፣ ቦዩ 40 ይሆናል። ስንዴው ከፍ ብሎ ይቆማል፣ ውሃው በቦዩ ይሄዳል። ቀድመህ መዝራትም ትችላለህ።

ሁለት ነገር ልብ በሉ። አፈሩ ጭቃ ከሆነ በኋላ ቢቢኤም ይዞ መግባት በሬ መግደል ነው። ቦዩ የት እንደሚፈስም ቀድማችሁ እወቁ። ጎረቤት ማሳ ላይ ከለቀቃችሁት ቀበሌ ትገናኛላችሁ። ቀጥ ብሎ ቁልቁል ከወረደ ደግሞ በጥቂት ዓመት ቦረቦር ይሆናል። መውጫውን ሣር አልብሱት።

ጥያቄ፦ መሬቴ ዋልካ ነው። ምን ልዝራ?

መልስ፦ የት? ስንት ከፍታ ላይ? ውሃ ይተኛበታል? ከላይ ምን ብዬ ነበር? ለጅሩ ሜዳ ከሆነ ስንዴ፣ ጤፍ፣ ባቄላ፣ ምስር፣ ሽምብራ፣ ጓያ። ጤፍ እርጥበቱን ከስንዴ ይልቅ ይችለዋል። ሽምብራና ጓያ ዝናቡ ሊወጣ ሲል ይዘሩና በቀረው እርጥበት ይደርሳሉ። ጓያን የዘወትር ምግብ አታድርጉት፣ እግር ያሽመደምዳል።

ጥያቄ፦ አቮካዶስ?

መልስ፦ አይሆንም። ሥሩ የተኛ ውሃ አይወድም፣ ውርጭም አለ።

አባል (ከቢሾፍቱ)፦ ጤፍ ካነሳችሁ አይቀር ማኛ የሚባለው ነጭ ጤፍ የእኛ የአድአ ነው።

አባል (ከምንጃር)፦ ኧረ ተው! አዲስ አበባ ላይ «የምንጃር» ሳይባል የሚሸጥ ጤፍ አለ እንዴ?

አባል (ከቢሾፍቱ)፦ ስሙን ነጋዴ ነው የሚለጥፈው።

መልስ፦ ክርክሩን ለእህል በረንዳ ነጋዴዎች ተዉላቸው። ቁንጮ የተባለው ዝርያ በ1998 ዓ.ም. ከደብረ ዘይት ምርምር ማዕከል ሲወጣ ከወላጆቹ አንዱ ማኛ ነበር። ሁለታችሁም ዛሬ እሱን ሳትዘሩ አትቀሩም። ወደ ጅሩ እንመለስ።

ጥያቄ (ከባንጃ)፦ እኛ ጋ ኖራ ጨምረን ገብሱ ተሻሽሏል። ጅሩዎች ለምን አይሞክሩም?

መልስ፦ ያንተ ቀይ አፈር ነው። ብዙ ዝናብ አጥቦት አሲዳማ ሆኗል፣ ኖራው ልክ ነው። ዋልካ ግን በአብዛኛው አሲዳማ አይደለም። አፈሩ ሳይመረመር ኖራ መጫን የጋሪ ኪራይ ማባከን ነው።

ጥያቄ፦ ዋልካ ላይ ቤት ልሠራ ነበር፣ መሠረቱ ምን ያህል ይቆፈር?

መልስ፦ መሐንዲስ ጠይቅ። ግድግዳህ እንዳይሰነጠቅ በደንብ ጠይቅ።

ጥያቄ (ከእነዋሪ)፦ የኔም ስንዴ ቢጫ ሆኗል። ዩሪያ ልጨምር?

መልስ፦ ወንድሜ፣ የመጀመሪያውን መልስ አንብብ። ውሃውን አስወጣ! ሦስተኛ ጠያቂ ከመጣ አልመልስም።

አባል (ከደብረ ብርሃን)፦ እኔ የምለው፣ አፈሩን የጨረሰው የጅሩ ሰንጋ ነው። ገለባው ሁሉ ለማድለቢያ ይሄዳል፣ ለማሳው ምን ቀረው?

አባል (ከእነዋሪ)፦ ሰንጋችንን እንዳትነካ! ልጆቻችንን ያስተማርነው በፋሲካ በሬ ነው።

መልስ፦ እዚህ ላይ ሁለታችሁም ልክ ናችሁ። ሰንጋው ገለባውን በልቶ እበት ይሰጣል። እበቱ ማሳ ቢገባ ችግር አልነበረም። ሜዳው ላይ ግን ዛፍ የለም፣ ስለዚህ እበቱ ኩበት ሆኖ ምድጃ ይገባል። ሰብሉን በላነው፣ ገለባውን በሬው በላው፣ እበቱን እሳት በላው። ዋልካ ለም ነው ቢባልም ናይትሮጅኑ ትንሽ ነው፣ በየዓመቱ መመለስ አለበት። በሬውን ከመክሰስ ለማገዶ የሚሆን ዛፍ በድንበር ላይ ትከሉ። ምስርና ባቄላን ከስንዴ ጋር ማፈራረቁንም አትተዉ።

ጥያቄ፦ ባሕር ዛፍ እንትከል?

መልስ፦ ከሰብል ማሳ አጠገብ አይሆንም። በጀማ ገደል አፋፍ ላይ ያለው ጭንጫ ለእህል ስለማይሆን እዚያ ሞክሩት። ስለ ችግኙ የቀበሌያችሁን የግብርና ባለሙያ ጠይቁ፣ እኔ የአፈር ሰው ነኝ።