ጓደኛዬ አይሱዙ ከገዛ ወዲህ እንቅልፍ የለኝም

ጥያቄ፦ መምህር፣ እንደምን አሉ? ኮምቦልቻ ውስጥ በርና መስኮት እበይዳለሁ። ድሮ ሰነፍ ቢጤ ነበርኩ። አብሮ አደጌ አይሱዙ ከገዛ ወዲህ ግን ከንጋት እስከ ምሽት ነው የምሠራው፤ እሑድም ከነረዳቴ እከፍታለሁ። ኑሮዬ ተሻሽሏል። በቅንዓት ተነሥቶ መሥራት ኃጢአት ነው?

መልስ፦ ወንድሜ፣ እግዚአብሔር ይመስገን። መክብብ ምዕራፍ 4 ላይ ሦስት ሰዎች ተከታትለው ታገኛለህ፦ በባልንጀራው ቀንቶ የሚደክም፣ እጁን አጣጥፎ የገዛ ሥጋውን የሚበላ ሰነፍ፣ አንድ እጅ ሙሉ ይዞ ያረፈ። እኛ መምህራን ዐውደ ምሕረት ላይ ስንቆም ሰነፉን ብቻ ገሥጸን እንወርዳለን። አንተ ከሰነፉ ቤት ሸሽተህ ቀናተኛው ቤት ነው የገባኸው።

መድከምህን አልነቅፍም። አዳም ገነትን እንዲያበጃትና እንዲጠብቃት የተቀመጠው ከመበደሉ በፊት ነው (ዘፍ 2፥15)፤ ከበደል በኋላ የመጣው እሾኹና ላቡ ነው። «ሥራ እርግማን ነው» የሚልህን አትስማ።

ቅንዓት የምንለው ግን ሁለት ነው። ሰውን አይቶ «እኔስ ለምን አልችልም» ማለት ያተጋል፤ ክፋት የለውም። ሌላውን ለመለየት አንድ ነገር ልጠይቅህ። ከደሴ ወደ አንተ ስንወርድ ሐረጎን ታውቀዋለህ። ነገ የጓደኛህ አይሱዙ እዚያ ቁልቁለት ላይ ተበላሽቶ ቆመ ቢሉህ፣ መጀመሪያ ልብህ ውስጥ ሽው የሚለው ምንድን ነው? ደንግጠህ ስልክ ካነሣህ ደኅና ነህ። ትንሽ ቀለል ካለህ ግን ያን ስሜት ይዘህ ወደ ንስሐ አባትህ ሂድ።

በፉክክር የሚሠራ ሰው ዓይኑ ከእጁ ላይ ይነሣል። የሰንበት ትምህርት ቤታችንን በር የሠራልን ሰው ፊቱን አሳምሮ ቀባው፤ ማጠፊያው ግን ከውስጥ በኩል ሁለት ቦታ ብቻ ነካ ነካ ተደርጎ ነበር። ዓመት ሳይሞላው ወለቀ፤ አሁን በድንጋይ ደግፈን ነው የምንዘጋው። «ለሰው ሳይሆን ለጌታ እንደምታደርጉ» የሚለው ቃል (ቆላ 3፥23) ለበያጅ ሲተረጎም ቀለም የሚሸፍነውን ብየዳ ነው የሚመለከተው።

ታዲያ ለምን ልትጋ ካልክ፣ ጳውሎስ ድንኳን ሰፊ ነበርና ከእሱ እንማር። ሌባውን አትስረቅ ብሎ አልተወውም፤ «ለጎደለው የሚያካፍለው እንዲኖርለት» በገዛ እጁ ይድከም አለው (ኤፌ 4፥28)። ከሚቀጥለው በር ዋጋ ላይ፣ ኤሌክትሮድና ላሜራ ከመግዛትህ በፊት፣ አሥራትህን ለይ። ጓደኛህን ደግሞ «እንኳን ደስ አለህ» በለው፤ እስካሁን እንዳላልከው እጠረጥራለሁ።

እሑድን በተመለከተ አላባብልህም፤ ዝጋ። ኦሪት ዕረፍትን ስታዝዝ ከጌታው ጋር አገልጋዩንም ቆጥራለች (ዘፀ 20፥10)። አንተ ለአይሱዙ ትሮጣለህ እንበል፤ ያ ረዳትህ ግን ቅዳሴ የሚቀረው ስለ ማን አይሱዙ ነው?