የሳር ማጨጃው ጊርቦክስ፦ ይጠገን ወይስ ይቀየር?

ጥያቄ፦ የምኖረው ሱሉልታ ነው። ለወተት ላሞቼ ሳር የማጭደው ከትራክተር ኋላ በሚገጠም፣ አንድ ሜትር ተኩል በሚያጭድ ባለ ቢላዋ ማጨጃ ነው። ዘንድሮ አጨዳ ስጀምር ጊርቦክሱ (የትራክተሩን ጉልበት ወደ ቢላዋው የሚያስተላልፈው የማርሽ ሳጥን) ይጮሃል፤ ከታች በኩልም ዘይት ያፈሳል። አንዱ መካኒክ ዘንጉን የሚሸከመው ኩሽኔታና ዘይት እንዳይፈስ የሚይዘው ፓራኦሊዮ ከተቀየረለት ይበቃዋል አለኝ። ሌላው ደግሞ አልቆለታል፣ አዲስ ግዛ ይለኛል። ማንን ልስማ?

መልስ፦ ጋሼ፣ ሁለቱም ጊርቦክሱን ሳይከፍቱ ከሆነ የፈረዱት፣ ለጊዜው ማንንም አይስሙ። ጥርሱ ሳይታይ የሚሰጥ ውሳኔ ግምት ነው። ደግሞ መጀመሪያ መመለስ ያለበት ሌላ ጥያቄ አለ፤ ምን ጎዳው? ይሄ ካልታወቀ አዲሱም ብዙ ሳይቆይ እንደ አሮጌው መጮህ ይጀምራል።

ሳሩ ግን ጥገና አይጠብቅም። አበባ እንደያዘ ካልታጨደና ዘሩን ከጣለ፣ አገዳው ይጠነክራል፣ ፕሮቲኑ ይወርዳል። ላሟ ሆዷን ትሞላበታለች እንጂ ወተት አይወጣውም። ጥገናው ከሳምንት በላይ የሚወስድ ከመሰለዎት ማጨጃ ይከራዩ፤ ካልሆነም የደረሰውን ክፍል በማጭድ ያስጀምሩ። ያኔ መለዋወጫውን ተረጋግተው ይፈልጋሉ። በጥድፊያ የተገዛ ጊርቦክስ ቤት ሲደርስ አልገጥም ሲል ብዙ ጊዜ አይቻለሁ።

አሁን ወደ ማሽኑ እንሂድ። ከስሩ ከመግባትዎ በፊት ትራክተሩ ይጥፋ፣ ቁልፉ ኪስዎ ይግባ፣ የትራክተሩን ጉልበት ወደ ማጨጃው የሚያደርሰው የፒቲኦ ዘንግም ይነቀል። ማጨጃውን በሃይድሮሊክ ብቻ አንጠልጥለው ስሩ አይግቡ፤ በወፍራም እንጨት ወይም በብረት እግር ይደገፍ። ጋቢዎንም አውልቀው ያስቀምጡ። የሚዞር ዘንግ የጨርቅ ጫፍ ከያዘ ሰውዬውን ጭምር ነው የሚጠቀልለው፤ ለመጮህ እንኳ ጊዜ አይሰጥም።

ጩኸቱ የጊርቦክሱ መሆኑን ያረጋግጡ። የፒቲኦ ዘንጉ ክሮቼራ (መታጠፊያው) ግራሶ ሲያጣ ተመሳሳይ ድምፅ ያወጣል፤ እሱ ደግሞ በጣም ቀላል ወጪ ነው። ዘንጉ እንደተነቀለ የጊርቦክሱን መግቢያ በእጅዎ ወዲያና ወዲህ ያዙሩት። ትንሽ ክፍተት ጤናማ ነው። ብዙ ከዞረ በኋላ ከሆነ ቢላዋው የሚከተለው፣ ጥርሱ ተበልቷል። ሲዞር ጎርበጥ ጎርበጥ የሚል ከሆነ ኩሽኔታውን ይጠርጥሩ። ቀጥሎ ጓንት አድርገው የቢላዋውን መያዣ ወደ ላይና ወደ ታች ይግፉት። ከተነቃነቀ የታችኛው ኩሽኔታ ላልቷል ማለት ነው። ዘይቱ የሚፈሰውም በዚሁ ሰበብ ሊሆን ይችላል፤ ዘንጉ እየተወዛወዘ የፓራኦሊዮውን ከንፈር ይበላዋል። ኩሽኔታውን ትተው ፓራኦሊዮውን ብቻ ቢቀይሩ ከጥቂት ቀን በኋላ እንደገና ያፈሳል።

ዘይቱን ነጭ ዕቃ ላይ ያውርዱት። ወተት መስሎ ከወረደ ውሃ ገብቶበታል። በዘይቱ ውስጥ ያለውን ብረት በማግኔት ይሰብስቡትና በጣትዎ ይሹት። እንደ ዱቄት የላመ ግራጫ ብናኝ የተለመደ ነው። ጣት የሚወጋ ስባሪ ካገኙ ግን ጥርስ ወይም ኩሽኔታ ተሰብሯል። ከዚያ ክዳኑን ከፍተው የሁለቱን ማርሾች ጥርስ አንድ በአንድ በባትሪ ብርሃን ይዩ። ጫፉ የተሸረፈ፣ ፊቱ የተቦረቦረ፣ ጠርዙ እንደ ቢላዋ የሰላ ጥርስ አለ?

ጥርሱ ሙሉ ከሆነ፣ የጊርቦክሱ ቤት (የውጪው ሳጥን) ካልተሰነጠቀ፣ የዘንጎቹ ጥርስም ካልተበላ፣ የመጀመሪያው መካኒክ ትክክል ነው። ይጠገን። ለዚህ የማጨጃው አምራች የግድ አያስፈልግዎትም። ኩሽኔታው ላይ ቁጥር ተቀርጿል። ለምሳሌ 30208 የሚል ካገኙ ውስጡ 40 ውጪው 80 ሚሊሜትር የሆነ ሾጣጣ ኩሽኔታ ነው፤ ማንኛውም ኩሽኔታ ሻጭ በቁጥሩ ያውቀዋል። ፓራኦሊዮውም ላይ ብዙ ጊዜ ሦስት ቁጥር አለ፤ የውስጥ ስፋት፣ የውጪ ስፋት፣ ውፍረት። አሮጌውን ይዘው ይሂዱ። ኩሽኔታ ሲቀይሩ የውጪውን ቀለበትም አብረው ይቀይሩ። አሮጌ ቀለበት ላይ አዲስ ኩሽኔታ መግጠም ገንዘብ መጣል ነው።

ሲፈታ ከኩሽኔታው ጀርባ ስስ የብረት ቀለበቶች ይወጣሉ። የማርሾቹን አቀማመጥ የሚያስተካክሉት እነሱ ናቸው። የግራውን ከቀኙ ሳይቀላቅሉ በየቦታቸው ይመልሱ። አንዱ ከጠፋ ጥርሶቹ በጫፋቸው ብቻ ይነካካሉ፤ ጩኸቱም ይብሳል። ፓራኦሊዮው ያረፈበት የዘንጉ ቦታ ላይ ጥፍር የሚይዝ ቦይ ካለ፣ አዲሱም እዚያው ላይ አይዘጋም። መቀመጫው ቦታ ካለው አዲሱን ሁለት ሚሊሜትር ያህል አሳልፈው ቢገጥሙት ከንፈሩ ባልተበላ ብረት ላይ ያርፋል። ቦታ ከሌለ ዘንጉን ቶርኖ ቤት ይውሰዱት።

ጥርስ ከተሰበረ ነገሩ ይለወጣል። ሁለቱ ማርሾች አብረው የተላመዱ ናቸውና አንዱን ብቻ መቀየር አይሆንም። የሁለቱ ማርሽ፣ የኩሽኔታውና የእጅ ዋጋ ተደምሮ ከአዲሱ ግማሽ ካለፈ እኔ አዲስ እገዛለሁ። ቤቱ ከተሰነጠቀ ወይም የኩሽኔታው መቀመጫ ሰፍቶ ኩሽኔታው በእጅ የሚገባ ከሆነ ደግሞ ጥገናውን ይተዉት። መቀመጫውን በሹል ብረት እየነቀሱ የሚያጠብ ሰው አይጠፋም። የተሰነጠቀውን ቤት የሚበይድም አለ። ቤቱ ብዙ ጊዜ ቀልጦ የተቀረጸ ብረት ስለሆነ በብየዳ ሙቀት ይጣመማል ወይም ጎኑ ላይ እንደገና ይሰነጠቃል። ከስሩ የሚዞረው ቢላዋ ነው፤ በዚህ ላይ አይቆጥቡ።

አዲስ ሲገዙ "ይመስላል" በቂ አይደለም። መግቢያው ብዙ ጊዜ ባለ 6 ጥርስ 35 ሚሊሜትር ነው፤ ቢሆንም ይለኩ። የቡሎን ቀዳዳዎቹን ርቀት፣ የታችኛውን ዘንግ ርዝመትና ጥርስ፣ የሚችለውን የፈረስ ጉልበት ያመዛዝኑ። ከሁሉ በላይ የሚረሳው የማዞሪያ ልኩ ነው። ፒቲኦው በደቂቃ 540 ሲዞር፣ 1 ለ 1.47 የሆነ ጊርቦክስ ቢላዋውን 794 ጊዜ ያዞረዋል። 1 ለ 1.93 የሆነው ግን 1042 ጊዜ። በእርስዎ ማጨጃ ስፋት የቢላዋው ጫፍ በሰዓት ከ224 ኪሎሜትር ወደ 295 ገደማ ዘለለ ማለት ነው። ማጨጃው ለዚያ ካልተሠራ ድንጋይ ሲመታ የሚሆነውን መገመት አያቅትዎትም። የቢላዋው አዟዟርም ከአሮጌው ጋር አንድ ይሁን። ከተገለበጠ በደነዘዘው ጀርባ ነው የሚያጭደው።

አሁን ወደ ሰበቡ። የታችኛውን ፓራኦሊዮ በብዛት የሚገድለው የተጠመጠመ ነገር ነው፤ ሽቦ፣ የሳር ማሰሪያ ገመድ፣ የማዳበሪያ ከረጢት ክር። ከቢላዋው መያዣ በላይ ተጠቅልሎ ወደ ውስጥ እየቆረጠ ይገባል። በአጨዳ ሰሞን ማታ ማታ ስሩን አይተው በቢላዋ ይቁረጡት። ሁለተኛው መተንፈሻው ነው። ክዳኑ ላይ ያለችው ትንሽ ቀዳዳ በአቧራና በሳር ስትዘጋ፣ ሲሞቅ የሚፈጠረው ግፊት መውጫ አጥቶ ዘይቱን በፓራኦሊዮው በኩል ይገፋዋል። ዘይት ከልኩ በላይ መሙላትም ያንኑ ያደርጋል።

ጥርስ የሚሰብረው ግን ሌላ ነው። ዘንጉ ላይ ሆን ተብሎ ደካማ የተደረገ፣ ድንጋይ ሲመታ ቀድሞ እንዲሰበር የተቀመጠ ቡሎን አለ። ቶሎ ቶሎ ሲሰበር ሰው ይሰለችና 10.9 የተጻፈበት ጠንካራ ቡሎን ያስርበታል። ከዚያ ወዲያ የሚሰበረው ማርሹ ነው። የእርስዎ ዘንግ ላይ የትኛው እንደታሰረ ዛሬ ይዩልኝ። በቡሎን ፈንታ ጭነት ሲበዛበት የሚንሸራተት ፍሪሲዮን ያለው ከሆነ፣ ክረምቱን ቆሞ ሲከርም ዝጎ ይጣበቅና አይንሸራተትም። አጨዳ ከመጀመሩ በፊት ስፕሪንጎቹን ላላ አድርገው ጥቂት ሰከንድ ያንሸራትቱትና ወደ ቀድሞ ልካቸው መልሰው ያጥብቁ።

ቢላዋም በጥንድ ነው የሚቀየረው። አንዱ አዲስ፣ አንዱ ያለቀ ከሆነ ሚዛኑ ይዛባል፤ መንቀጥቀጡን የሚሸከመው ያ የላላው ኩሽኔታ ነው። ቦይ ሲሻገሩም ፒቲኦው እየዞረ ማጨጃውን ከፍ አያድርጉ። ዘንጉ ረዝሞ ከሆነ ሲነሳ ተጨምቆ የመግቢያውን ኩሽኔታ ይገፋዋል። አዲስ ጊርቦክስ ከተገጠመ በኋላ የዘንጉን ርዝመት እንደገና ማየት ያለብዎትም ለዚህ ነው።

የያዙትን ማሳ መጨረስ ግድ ከሆነብዎትና ጥርሱ ደህና ከሆነ፣ በዘይት ፈንታ ለጊርቦክስ የሚሠራውን 00 ቁጥር ፈሳሽ ግራሶ መጠቀም ይቻላል። በፓራኦሊዮው በኩል ቶሎ አይወጣም። ተራውን ወፍራም ግራሶ ግን አይጠቅጥቁበት። ጥርሱ አንዴ ወደ ጎን ከገፋው ተመልሶ አይመጣም፤ ማርሹ ደርቆ ይሠራል።

በመጨረሻ የሚገጠመው አዲስም ይሁን የተጠገነ፣ ዘይት መኖሩን ሳያዩ አያስነሱ። አዲስ ጊርቦክስ ብዙ ጊዜ ባዶውን ነው የሚመጣው። መመሪያው ሌላ ካላለ 80-90 የማርሽ ዘይት እስከ ጎኑ መለኪያ ቡሎን ድረስ ይሙሉ። መጀመሪያ ለጥቂት ደቂቃ ሳር ሳይነካ በዝግታ ያዙሩት። አንድ ሰዓት ካጨዱ በኋላ አጥፍተው ቤቱ ላይ ውሃ ጠብ ያድርጉ። ቺስ ብሎ ከተነነ ከልክ በላይ ሞቋል፤ ዘይቱንና የቀለበቶቹን አቀማመጥ እንደገና ያስፈትሹ። ካልሆነ የቢላዋውን መያዣ ትልቅ ዳዶና የጊርቦክሱን ቡሎኖች መልሰው ያጥብቁና አጨዳውን ይቀጥሉ። የመጀመሪያውን ዘይት 50 ሰዓት ያህል ከሠራ በኋላ ይቀይሩት።