እንቅልፍ እምቢ ላላችሁ፦ ጥያቄ ከእናንተ፣ መልስ ከሲስተር

አስተባባሪ፦ እንደምን አመሻችሁ ቤተሰብ። በጠየቃችሁት መሠረት ሲስተር ዛሬ ማታ ስለ እንቅልፍ ማጣት ይመልሱልናል። የአእምሮ ጤና ነርስ ናቸው፤ በተመላላሽ ክፍል እንቅልፍ ያጡ ሰዎችን ሲረዱ ኖረዋል። መድረኩ የእርስዎ ነው ሲስተር።

ሲስተር፦ አመሰግናለሁ። ስትጠይቁ ስንት ሰዓት እንደምትተኙ፣ ስንት ሰዓት እንደምትነሱና ቀን ሸለብ የምታደርጉ ከሆነ ጻፉልኝ። «እንቅልፍ የለኝም» ብቻ ብላችሁ ብትጽፉ ምንም ልላችሁ አልችልም። የመድኃኒት መጠን እዚህ አልናገርም። የእንቅልፍ ኪኒን የምትወስዱ ደግሞ በድንገት እንዳታቋርጡ። ይሄን ዛሬ ደጋግሜ እለዋለሁ።

የጀሞው ልጅ፦ ሲስተር ሰላም። ማታ 3 ሰዓት አልጋ ውስጥ እገባለሁ። እስከ 6 ሰዓት ስገላበጥ እቆያለሁ። ከዚያ ይወስደኛል፣ 9 ሰዓት ላይ እባንናለሁ፣ እስከ 11 ሰዓት ዓይኔ ቁልጭ ብሎ ጣሪያ ሳይ ነው። ከዚያ እስከ ጠዋት 1 ሰዓት እተኛለሁ። ቅዳሜና እሁድ እስከ 4 ሰዓት ተኝቼ አካክሳለሁ። ሥራ ለቅቄ በነበረ ጊዜ የጀመረኝ ነው። አሁን ሥራ ይዣለሁ፣ እሱ ግን አልለቀቀኝም። ወራት አልፈዋል። ምን ልጠጣ?

ሲስተር፦ ምንም አትጠጣ። ጥያቄህ ግን የምፈልገው ዓይነት ነው፣ ሰፋ አድርጌ ልመልስልህ።

እንቅልፍ ማጣት ሲጀምር ብዙ ጊዜ ሰበብ አለው። ሥራ ማጣት፣ ሐዘን፣ ፍርድ ቤት፣ አራስ ልጅ። ሰበቡ ያልፋል። በሳምንት 3 ሌሊትና ከዚያ በላይ፣ ለ3 ወርና ከዚያ በላይ ከቆየ ግን ሥር ሰዷል እንላለን። ሥር የሚያሰድደው ብዙ ጊዜ የመጀመሪያው ጭንቀት ሳይሆን ያጣነውን ለማካካስ የምናደርገው ነው። በጊዜ መተኛት፣ ጠዋት ማርፈድ፣ ቀን ጋደም ማለት። ይሄን ስፒልማን የሚባል አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ባለሙያ በ1980ዎቹ አሳይቶናል፣ ሕክምናውም ከዚያ ወጣ።

ሒሳቡን እየው። አልጋ ላይ የምትቆየው 10 ሰዓት ነው። የምትተኛው 3 እና 2፣ በድምሩ 5 ሰዓት። የ5 እንጀራ ሊጥ ለ10 እንጀራ ብታዳርሰው እየሳሳ ይቀዳደዳል። የአንተም እንቅልፍ የተቀዳደደው ለዚህ ነው።

አሁን እንዲህ አድርግ። መነሻህ ጠዋት 12 ሰዓት ይሁን። ሌሊቱን ሙሉ ብታፈጥም 12 ሰዓት፣ እሁድም 12 ሰዓት። እንደተነሳህ ወደ ውጭ ውጣና ብርሃን ይንካህ፤ የሰውነት ሰዓት የሚስተካከለው በጠዋት ብርሃን ነው። አልጋ የምትገባው ከሌሊቱ 6 ሰዓት ተኩል ነው፣ ከዚያ በፊት አይደለም። ገብተህ በግምት 20 ደቂቃ ካልወሰደህ ተነሳ። ሰዓት አትይ፣ በግምት ነው ያልኩህ። ደብዘዝ ያለ መብራት ጋ ቁጭ በል፣ ዓይንህ ሲከብድ ተመለስ። ቀን መተኛት የለም። በዚህ ሳምንት ቆይተህ አልጋ ላይ ካለህበት ጊዜ 85 በመቶውን ከተኛህ መግቢያህን በ15 ደቂቃ ቀደም አድርገው። እንዲህ እያልክ ሳምንት በሳምንት ታሰፋዋለህ። ከ5 ሰዓት በታች ግን በጭራሽ አትውረድ።

የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ይከብዳሉ። ቀን ትፈዛለህ፣ ትነጫነጫለህ። ብዙ ሰው በሦስተኛው ቀን ጥሎት ይሄዳል፣ እኔን የሚያሳዝነኝም እሱ ነው። የአሜሪካ የውስጥ ደዌ ሐኪሞች ኮሌጅ በ2016 ሥር ለሰደደ እንቅልፍ ማጣት ከኪኒን በፊት ይቅደም ያለው ሕክምና ይሄና ስለ እንቅልፍ ያለንን አስጨናቂ አስተሳሰብ የማስተካከል ሥራ ተደምረው ነው።

ማስጠንቀቂያ፦ ሹፌር የሆነ፣ ማሽን ላይ ወይም ፎቅ ላይ የሚሠራ፣ የሚጥል በሽታ ያለበት፣ ባይፖላር (ስሜት ከልክ በላይ ከፍና ዝቅ የሚልበት የአእምሮ ሕመም) አለብህ የተባለ ሰው ይሄን ብቻውን አይሞክር። ባለሙያ ይያዘው።

ቃል፦ እኔም እንቅልፍ የሚባል ነገር የለኝም ሲስተርዬ። ምን ይሻለኛል?

ሲስተር፦ ስንት ሰዓት ትነሻለሽ?

ቃል፦ እንደ ቀኑ ይለያያል።

ሲስተር፦ እንግዲህ ከእሱ ጀምሪ። ለጀሞው ልጅ የጻፍኩትን አንብቢ።

የቡና ቤተሰብ፦ እኛ ቤት ቡና 11 ሰዓት ላይ ነው የሚፈላው። አቦል፣ ቶና፣ በረካ፣ ሳይጎድል። ማቆም አለብኝ?

ሲስተር፦ ከጠጣሽው ካፌይን ግማሹ ከሰውነትሽ ለመውጣት 5 ሰዓት ገደማ ይፈጅበታል። የ11 ሰዓቱ ቡና ማታ 4 ሰዓት ላይ ግማሹ ደምሽ ውስጥ አለ ማለት ነው። ስንነቃ ቆይተን እንቅልፍ እንቅልፍ የሚለን አዴኖሲን የሚባል ነገር አንጎል ውስጥ ሲጠራቀም ነው። ካፌይን የእሱን ቦታ ይይዝበታል። አዴኖሲኑ ግን አልጠፋም፣ ተከማችቶ ይቆያል። በ2013 በታተመ አንድ ጥናት 400 ሚሊግራም ካፌይን ከመኝታ 6 ሰዓት ቀድመው የወሰዱ ሰዎች ከአንድ ሰዓት በላይ እንቅልፍ ቀንሶባቸዋል። ቡናውን አታቁሚ፣ ጎረቤት የሚሰበሰብበት ነው። ሰዓቱን ግን ወደ ጠዋት አምጪው። የ11 ሰዓቱ ካልቀረ በረካውን ብቻ ጠጪ።

አባ ጀበና፦ በዚህስ አልስማማም። አባቴ ማታ ሦስት ስኒ ጠጥቶ ጋደም ሲል ነው የሚያንኮራፋው። ሀበሻን ቡና አይነሳውም።

ሐረርጌ፦ የእኛ አረቢካ ስለሆነ ነው። ካፌይኑ የሮቡስታን ግማሽ ቢሆን ነው።

አባ ጀበና፦ በጀበና ሲፈላ ደግሞ ይቀንሳል።

ሐረርጌ፦ እሱን ከየት አመጣኸው? ሲፈላ አይጠፋም። የሚቀጥነው በረካው ነው፣ ውኃ ስለሚጨመርበት።

አባ ጀበና፦ የሐረር ሰው ስለ ቡና ሲናገር ማንም አይችለው።

ሲስተር፦ ወደ እንቅልፍ እንመለስ። የአረቢካው እውነት ነው። የሰው ጉበት ካፌይንን የሚያጠፋበት ፍጥነት እንደ ተፈጥሮው ይለያያል፣ ስለዚህ አባትህን ቡና ላይነሳቸው ይችላል። ግን ማታ ጠጥቶ መተኛት መቻልና ጥሩ እንቅልፍ መተኛት አንድ አይደለም፣ እንቅልፉ ስስ ይሆናል። እንቅልፌ ደህና ነው ካልክ ደግሞ እዚህ ምን ትሠራለህ?

ፒያሳ፦ ቅዳሜ ቅዳሜ ከሰዓት እቅማለሁ፣ ማታ በጨብሲ አበርደዋለሁ። ግን እሁድ ሌሊትም እንቅልፍ የለም።

ሲስተር፦ ጫት አነቃቂ ነው። ጨብሲውም ያስተኛሃል እንጂ ከእኩለ ሌሊት በኋላ ይቀሰቅስሃል። ሁለቱን ሳትተው ሌላ ምክር የለኝም።

ከሪያድ፦ እህቴ፣ ሰው ቤት ነው የምሠራው። እንግዳ ካለ ሌሊት 7 ሰዓት እተኛለሁ፣ 12 ሰዓት እነሳለሁ። ቀን ራሴን ያመኛል፣ ቆሜ ልተኛ ነው። እንቅልፍ ማጣት ነው ወይ?

ሲስተር፦ እህቴ፣ አንቺ ሲተኙ እንቅልፍ ከሚሸሻቸው አይደለሽም። የተነፈግሽው ጊዜ ነው፤ ለጀሞው ልጅ ያልኩትን እንዳትሞክሪ፣ ይጎዳሻል። ለአንቺ ቀን መተኛት ይፈቀዳል። ከምሳ በኋላ ግማሽ ሰዓት እንኳ ካገኘሽ ስልኩን ራቅ አድርገሽ ተኚ። በሳምንት የዕረፍት ቀን ካለሽ ያን ቀን ለእንቅልፍ ስጪው። ፈሳሽ እየወሰድሽ እንኳ ራስ ምታቱ ካልቀነሰ የደም ግፊትሽን ተለኪ። አይዞሽ።

ሰናይት፦ ተፈጥሯዊውን ንገሩን እንጂ! ጤና አዳም? ማር በወተት? ሜላቶኒን? ቫለሪያን?

ሲስተር፦ ወተትና ማር ስኳር ለሌለበት ሰው አይጎዳም፣ ግን መድኃኒት አይደለም። ጤና አዳምን ቡና ውስጥ ነክረሽ ለእንቅልፍ የምትጠጪ ከሆነ ቡናው ያሸንፍሻል። ነፍሰ ጡር ከሆንሽ ደግሞ ራቂው። ሜላቶኒንን (የእንቅልፍ ሆርሞን ኪኒን) እና ቫለሪያንን (ከዕፅ ሥር የሚዘጋጅ) የአሜሪካ የእንቅልፍ ሕክምና አካዳሚ በ2017 ሥር ለሰደደ እንቅልፍ ማጣት አልመከራቸውም።

ከተፈጥሯዊው እኔ የምወደው እናቶቻችን ማታ እግር የሚያጥቡበት ሙቅ ውኃ ነው። ሰውነት ለመተኛት ውስጣዊ ሙቀቱን መቀነስ አለበት። እግርሽን ለብ ባለ ውኃ ስትነክሪው የእግር ደም ሥር ይከፈታል፣ ሙቀት ወደ ቆዳ ይወጣል፣ የውስጡ ይቀንሳል። ሳፋ ውስጥ እስከ ቁርጭምጭሚት፣ ከመኝታ አንድ ሰዓት ቀደም ብሎ፣ ለ10 ወይም 15 ደቂቃ። አድርቀሽ ካልሲ አጥልቂ። ስኳር ያለበት ሰው ውኃውን በእጁ ወይም በሌላ ሰው ይለካው፣ እግሩ ላይሰማው ይችላል፣ ይቃጠላል።

ጎፋ፦ ዳያዜፓም ስንት ሚሊግራም ነው ጥሩ? ከጓደኛዬ ወስጄ ሞክሬው ነበር።

ሲስተር፦ መጠን አልናገርም። የሰው ኪኒን አትውሰድ።

ቦሌ ሚካኤል፦ እኔ ሁለት ዓመት ወስጄዋለሁ፣ ከዛሬ ላቁመው ነው።

ሲስተር፦ አታቁም! መጀመሪያ ላይ ምን አልኩ? በድንገት ሲቆም መንቀጥቀጥና መጣል ሊያመጣ ይችላል። የጻፈልህ ሐኪም ቀስ በቀስ ያስወርድህ።

ሰላማዊት፦ ሌሊት ነቅቼ መንቀሳቀስ አልችልም፣ ደረቴ ላይ የተቀመጠ ነገር ያለ ይመስለኛል። ዱካክ ነው ይላሉ።

የእመቤት ልጅ፦ ዱካክ መንፈስ ነው። ጸበል ጠጪ፣ ውዳሴ ማርያም ድገሚ።

ተማሪው፦ በዚህ ዘመን መንፈስ? ስሚ፣ ሳይንስ ነው።

የእመቤት ልጅ፦ ሳይንስህ እምነታችንን አይንካ። ጸሎት ምን ጎዳህ?

ሲስተር፦ ሁለታችሁም ረጋ በሉ። ጸልዪ፣ ጸበሉንም ጠጪ። እንደ ሙያዬ ግን፦ ሕልም በምናይበት የእንቅልፍ ክፍል ሰውነት በተፈጥሮው ይታሰራል፣ ሕልሙን እንዳንሠራው። አንዳንዴ አእምሮ ቀድሞ ይነቃል፣ ማሰሪያው ግን ገና አልተፈታም። ያኔ ነው የሚያስፈራው። በጀርባ ሲተኛና እንቅልፍ ሲጎድል ይበዛል። በጎንሽ ተኚ፣ መነሻ ሰዓትሽን አስተካክይ። በየሌሊቱ ከሆነ ወይም ቀን ሳታስቢው እንቅልፍ የሚጥልሽ ከሆነ ሐኪም ይይሽ።

ተስፋ፦ አባታችን ያንኮራፋሉ፣ መሃል ላይ ትንፋሻቸው ዝም ይላል፣ ከዚያ ተንፈራግጠው ይነቃሉ። ቀን ወንበር ላይ ያንጎላጃሉ። የእንቅልፍ ኪኒን ልንገዛላቸው ነው።

ሲስተር፦ ኪኒን እንዳትሰጧቸው፣ አረቄም ማታ ይቅር። ይሄ በእንቅልፍ ላይ ትንፋሽ መቋረጥ ነው የሚመስለው፣ ልብና የደም ግፊትን ይጎዳል። በዚህ ሳምንት ሐኪም ጋ ውሰዷቸው። እስከዚያ በጎናቸው ይተኙ፣ መኪናም አይንዱ።

ሳሪስ፦ ሲስተር እንቅልፍ አይወስደኝም፣ ምን ልጠጣ?

ሲስተር፦ ከላይ አንብብ ወንድሜ። ለማን ስጽፍ አመሸሁ?

ትዕግስት፦ እኔ ማታ ጋደም ስል እግሬን ውርር ያደርገኛል፣ ካላወዛወዝኩት እረፍት የለም። ስነሳና ስራመድ ይተወኛል። ወር አበባዬ ብዙ ነው።

ሲስተር፦ ጥሩ አድርገሽ ገለጽሽው። ይሄ ከብረት ማነስ ጋር ብዙ ጊዜ ይያያዛል። ሄሞግሎቢን ብቻ ሳይሆን ፌሪቲንም (የተከማቸ ብረት መለኪያ) እንዲታይልሽ ጠይቂ። ብረት ገዝተሽ በራስሽ አትጀምሪ፣ ውጤቱን ይዘሽ ሐኪም ጋ ሂጂ። ሻይና ቡና ከምግብ ጋር አትጠጪ፣ ብረቱን ይይዙታል።

አስተባባሪ፦ ሰዓት ሞላ። የቀሩት ጥያቄዎች ለሐሙስ ይተላለፋሉ።

ሲስተር፦ የመነሻ ሰዓታቸውን የጻፉትን ሐሙስ እመልሳለሁ።