«ነፍሳት» የሙታን ናቸው ወይስ የዝንብ?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ መምህር። አራተኛ ክፍል የሚማር ልጅ አለኝ። ትምህርት ቤት «ዝንብ በሽታ ከሚያስተላልፉ ነፍሳት አንዷ ናት» ተብሎ ተማረ። እሑድ ደግሞ ቄሱ ስለ ሙታን ነፍሳት ሲጸልዩ ሰማና «እማዬ፣ ዝንብ የሞተ ሰው ናት እንዴ?» አለኝ። መልስ አጣሁ። ቃሉ እንዴት ለሁለቱም ሆነ? አንዷን ብቻ ስናይስ «ነፍሳት» እንበል ወይስ «ነፍስ»?

መልስ፦ ጤና ይስጥልኝ። ልጅዎ በደንብ አድምጧል። በአጋጣሚ ድምፃቸው የገጠመ ሁለት ቃላት አይደሉም፤ ቃሉ አንድ ነው።

ሥሩ ነፈሰ ነው። ነፋስ፣ ተነፈሰ፣ እስትንፋስ ሁሉም ከዚያ ይመዘዛሉ። ነፍስም ከትንፋሽ ጋር የተሳሰረች ናት፤ የዕብራይስጡ «ነፌሽ» እና የዐረብኛው «ነፍስ» ዘመዶቿ ናቸው። ዛሬ ነፍስ ሲባል ሐሳባችን ወደ ሰው ብቻ ይሄዳል፤ ድሮ ግን ሰፊ ነበረች። ዘፍጥረት 1፥20 ላይ «ውኃ ሕያው ነፍስ ያላቸውን ተንቀሳቃሾች ታስገኝ» ሲባል ሰው ገና አልተፈጠረም። ነፍስ ያላቸው የተባሉት በውኃ ውስጥ የሚርመሰመሱት ናቸው። እኔ እንደሚመስለኝ ላምም በግም በየስማቸው ሲጠሩ፣ ስሙን ለይተን የማንጠራው ደቃቃ ፍጥረት ሁሉ የጅምላውን ስም ወረሰ። ነፍስ ያለው መሆኑን እንጂ ሌላውን አናውቅለትምና።

ከዚሁ ሥር መንፈስ ይወጣል፤ ሲበዛ መናፍስት። ብዙ ሰው «የሙታን ነፍሳት» እና «የሙታን መናፍስት» የሚሉትን ያምታታል። የመጀመሪያው የጸሎት ቋንቋ ነው፤ ሁለተኛው «መናፍስት ጠሪ» ከሚለው ጋር ስለሚውል ያስፈራል፤ ለሟች ዘመድ ባይባል ይሻላል። ምትሐትም ሌላ ነው። ማቴዎስ 14፥26 ላይ ደቀ መዛሙርቱ ጌታን በባሕር ላይ ሲሄድ አይተው «ምትሐት ነው» አሉ። ከትንሣኤ በኋላ ግን፣ ሉቃስ 24፥37 እንደሚለው፣ «መንፈስም ያዩ መሰላቸው»። ጌታም «መንፈስ ሥጋና አጥንት የለውምና» ብሎ እንዲዳስሱት ጠየቃቸው። ምትሐት ለዐይን የሚመስል ነገር ነው፤ መንፈስ ግን አለ፣ ሥጋ ብቻ የለውም። ይህን ልዩነት አጥብቄ እወደዋለሁ፤ ዛሬ ሁሉንም «መንፈስ» እያልን እያጠፋነው ነው።

ወደ ቁጥሩ ልምጣ። ነፍሳት በግእዝ አበዛዝ ብዙ ቁጥር ስለሆነ «ነፍሳቶች» ድርብ ብዜት ነው፤ አይጻፍ። «ነፍሳቱ ገባ» ሳይሆን «ነፍሳቱ ገቡ»። «ነፋሳት» ብለው ከጻፉት ደግሞ የነፋስ ብዙ ይሆናል፤ «አራቱ ነፋሳት» እንደሚባለው። ለአንዷ ግን «አንድ ነፍስ» ካሉ ሰሚው የሚያስበው ሰው ነው፤ «አንድ ነፍሳት» ሰዋስዉን ያፈርሳል። ስለዚህ ስሟን ይጥሩ፤ ዝንብ፣ ጥንዚዛ፣ ተርብ፣ ፌንጣ። ስሟን ካላወቁ «ከነፍሳት አንዷ» በቂ ነው። የልጅዎ ትምህርት ያለውም ይህንኑ ነው፤ ትክክል ነው። የሳይንስ ጸሐፊዎች «ሦስት አፅቄ» የሚል ስም አላቸው፤ አካላቸው በራስ፣ በደረትና በሆድ በሦስት ስለሚከፈል። ስምንት እግር ያላት ሸረሪት በዚህ ስም አትጠራም፤ በተለምዶ ግን እሷንም ነፍሳት ውስጥ እንቆጥራለን፤ አልቃወምም። «ፀረ ነፍሳት» የሚለው የመድኃኒት ስም ግን ለጆሮዬ ይከብደኛል፤ «ፀረ ተባይ» እያለን ለምን?

ለልጅዎ እንዲህ ይበሉት፦ ዝንብ ከነፍሳት የተቆጠረችው ስለምትተነፍስ ነው። በአፍንጫ ሳይሆን በጎንና በጎኗ ባሉ ጥቃቅን ቀዳዳዎች ትተነፍሳለች።