«ተፈጸመ» ወይስ «ተፈጽሟል»?

ጥያቄ፦ በዮሐንስ ወንጌል 19፥30 «ተፈጸመ» የተባለው የግሪክ ቃል «ዕዳው ሙሉ በሙሉ ተከፍሏል» ማለት እንደ ሆነ፣ በአማርኛም «ተፈጽሟል» መባል እንደ ነበረበት ሰማሁ። እውነት ነውን?

መልስ፦ ቃሉ «ቴቴሌስታይ» ነው፤ መነሻ ግሡ «ቴሌኦ» ከዳር ማድረስን፣ መፈጸምን ያመለክታል። በማቴዎስ 17፥24 እና በሮሜ 13፥6 ግብር ለመክፈል ማገልገሉ እርግጥ ነው፤ ነገር ግን በሁለቱም ቦታ ይህን ፍቺ የሰጠው አብሮት የተጠቀሰው ግብር ሲሆን፣ ዮሐንስ በዚህ ስፍራ ዕዳም ግብርም አያነሣም። ይኸው ቃል በቁጥር 28 «ሁሉ እንደ ተፈጸመ አውቆ» በሚለው ውስጥ ይገኛልና፣ ፍቺውን ከዚያ መፈለግ ይገባል። በግብፅ የቀረጥ ደረሰኞች ላይ ይገኛል የሚባለውም በአሕጽሮት የተጻፈ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ የሚነበበውም «ቴቴሎኔታይ»፣ ማለትም «ቀረጥ ተከፍሎበታል» ተብሎ፣ ከሌላ ግሥ ነው።

ሰዋስዉ ይበልጥ ትኩረት ይሻል። መነሻው «ቴ» ከአማርኛው «ተ» ጋር ቢመሳሰልም ተገብሮን አያመለክትም፤ የግሡ የመጀመሪያ ድምፅ መደገሙ ድርጊቱ ተፈጽሞ ውጤቱ እንደ ጸና ያሳያል፣ ተገብሮውን የሚነግረን መድረሻው «ታይ» ነው። ወንጌላዊው ድርጊቱን ብቻ ሊያወሳ ቢፈልግ «ኤቴሌስቴ» ይበቃው ነበር፤ በዚያው ቁጥር «ተቀበለ»፣ «አለ» እና «ሰጠ» የተባሉት ግሦች ሁሉ በዚህ ተራ የኃላፊ ጊዜ መልክ ቀርበዋል።

ታዲያ «ተፈጽሟል» ይሻል ነበርን? በ1954 ዓ.ም. የታተመው መጽሐፍ ቅዱስ ተመሳሳይ መልክ ያለውን «ጌግራፕታይ» በማቴዎስ 4፥4 «ተጽፎአል» ብሎታልና፣ መንገዱ ዝግ አልነበረም። ሆኖም በአማርኛ የሁኔታ ለውጥን የሚገልጽ ግሥ በተራ ኃላፊ ጊዜ ሲነገር አሁን ያለውን ሁኔታ ጭምር ይይዛል፤ «ደከመኝ» የሚል ሰው ድካሙ አልለቀቀውም። በቁጥር 28 «ተጠማሁ» የተባለውም በግሪኩ የአሁን ጊዜ ግሥ ነው፤ አማርኛው በኃላፊ ጊዜ ሲገልጸው ግን ጥማቱ አልፏል ብሎ የሚረዳ አንባቢ የለም። «ተፈጽሟል» ስለ ሌላ ጉዳይ የሚቀርብ ዘገባ ይመስላል፤ ሥራውን የፈጸመው ራሱ፣ በዚያው ቅጽበት ሲናገር ግን «ተፈጸመ» ይላል። በእኔ አስተያየት የቀድሞው ትርጕም መለወጥ የለበትም።